የስልክ ድርጅቴ ለመንግሥት አሳልፎ ከሰጠኝ ልከሰው እችላለሁ?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ጠያቂ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ከ2003 ጀምሮ የአንድ ትልቅ የስልክ ድርጅት ደንበኛ ነኝ። በየእሁዱ አዲስ አበባ እናቴ ጋ እደውላለሁ። ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ‹ቡሽ በድብቅ የጀመረውን የስልክ ጠለፋ ኦባማ ሕጋዊ አደረገው፤ ለስልክ ድርጅቶቹም ምሕረት ሰጣቸው፤ አሁን ያለ ፍርድ ቤት ሁላችንንም ያዳምጡናል› አለኝ። እኔም ስደውል መስመሩ ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ድርጅቱን ከስሼ ካሳ ማግኘት እችላለሁ? አንድ ሰው ጉዳዩን ልያዝልህ ብሎ 1,500 ዶላር ቅድሚያ ጠይቆኛል።» (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጨረሻው ልነሳ። ገንዘቡን አይስጡ። እርስዎ የሚያስቡት ዓይነት ክስ በ2006 ተመሥርቶ፣ በ2008 በሕግ ታንቆ፣ በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቀርቷል። አስነሳዋለሁ የሚል ሰው ወይ ሕጉን አላነበበውም፣ ወይ እርስዎ እንደማያነቡት ገምቷል።

ወዳጅዎ የያዘው ግማሽ እውነት ነው። ድርጅቶቹን ከክስ የከለለውን ሕግ የፈረመው ቡሽ ነው፤ ጁላይ 10 ቀን 2008። ኦባማ ያኔ የኢሊኖይ ሴናተር ነበር። የፕሬዚዳንትነት ውድድሩ ላይም ነበር። በ2007 መገባደጃ ቃል አቀባዩ፣ ለስልክ ድርጅቶች ከለላ የሚሰጥ ሕግ ከመጣ ኦባማ ክርክሩን በማራዘም ለማገድ የሚደረገውን ሙከራ እንደሚደግፍ ተናግሮ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ሕጉን ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ሂላሪ ክሊንተን ተቃወመች። ሌላው የፕሬዚዳንትነት ተወዳዳሪ ጆን ማኬን በቦታው አልነበረም። ስለዚህ ወዳጅዎ በኦባማ ቢቀየም አልፈርድበትም። ግን ቀዳሚውን ተጠያቂ ቦታ ለእሱ መስጠት ልክ አይደለም።

ምሕረት የሚለው ቃልም አይገጥምም። ምሕረት የሚደረገው ጥፋቱ ለታወቀ ሰው ነው። እዚህ ማን ምን እንዳደረገ በችሎት ሳይጣራ መዝገቡ እንዲዘጋ ነው የተደረገው። በአማርኛ የሚቀርበው ያለመከሰስ ከለላ ነው። እሱም የፍትሐ ብሔር ክስን ብቻ ይመለከታል። የወንጀል ክስን በቃሉ አልነካም። በተግባር የወንጀል ክስ ያመጣ የለም፤ ምክንያቱም ክሱን የሚያመጣው ጠለፋውን ያዘዘው መንግሥት ራሱ ነው።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ካልገባ መፍትሔውም አይገባም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በሴናተር ፍራንክ ቸርች የሚመራ ኮሚቴ የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የገዛ ዜጎቻቸውን ስልክና ቴሌግራም ለዓመታት ሲበረብሩ እንደኖሩ አጋለጠ። በ1978 ፊሳ የሚባለው ሕግ ወጣ። ለስለላ ብለህ አገር ውስጥ ስልክ ለመጥለፍ ከፈለግህ ለዚሁ ከተቋቋመ ልዩ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጣ ይላል። ፍርድ ቤቱ በዝግ ነው የሚሠራው። ጥብቅ ነበር ማለትም አይቻልም፤ የቀረበለትን ማመልከቻ ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ያጸድቅ ነበር። አስቸኳይ ከሆነም አስቀድሞ ጠልፎ ቆይቶ ማስፈቀድ ይቻል ነበር። በሩ ይህን ያህል ሰፊ ነበር።

ቡሽ በኦክቶበር 2001 ይህንንም በር ትቶ በጓሮ ገባ። ኤንኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአሜሪካ ወደ ውጭና ከውጭ ወደ አሜሪካ የሚደረጉ የተወሰኑ ግንኙነቶችን እንዲጠልፍ ፈቀደ። ሕዝብ የሰማው ዲሴምበር 16 ቀን 2005 ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያወጣው። ጋዜጣው ራሱ ወሬውን ከአንድ ዓመት በላይ ይዞት ቆይቷል።

አሁን ወደ ጠቅ ጠቅታው ልምጣ። ሀበሻ ሆኖ «ይሄ በስልክ አይወራም» ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። መስመር ሲንኳኳ፣ ሲያስተጋባ፣ ሲቆራረጥ «ገቡብን» እንላለን። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ጥርጣሬ ነው፤ መሠረት የለውም አልልም። ግን ጠለፋው የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፎልሰም ጎዳና 611 ቁጥር ላይ የስልክ ድርጅቱ የኤቲ ኤንድ ቲ ሕንፃ አለ። ማርክ ክላይን የሚባል ቴክኒሻን እዚያ የኢንተርኔት ክፍሉን መስመሮች ይንከባከብ ነበር። በሰባተኛው ፎቅ ላይ መረጃውን በብርሃን የሚያደርሱት የመስታወት ክሮች በብርሃን መክፈያ መሣሪያ በኩል እንዲያልፉ ተደርጓል። መሣሪያው ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ወደሚሄድበት ይሄዳል። ሌላው፣ ቁርጥ ቅጂው፣ አንድ ፎቅ ወርዶ 641ኤ የሚል ቁጥር ያለው ክፍል ይገባል። ክላይን የዚያ ክፍል ቁልፍ አልነበረውም። ይገባ የነበረው ኤንኤስኤ አጣርቶ የፈቀደለት ሠራተኛ ነው። ክላይን ግን መስመሮቹን በእጁ የሚያገናኘው እሱ ነበርና የሚያገናኘው ምን እንደሆነ ገባው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሰነዶቹን ይዞ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የሚባል የዲጂታል መብት ተሟጋች ድርጅት ቢሮ ሄደ።

ብርሃን ለሁለት ሲከፈል አይጮህም። እርስዎ የሚሰሙት ድምፅ ርካሽ የዓለም አቀፍ ጥሪ የሚያልፍበት ጥራት የሌለው መስመር ሳይሆን አይቀርም። ድምፅ ስለሰሙ ተጠልፌያለሁ አይበሉ፤ ድምፅ ስላልሰሙም አልተጠለፍኩም አይበሉ።

በዚህ መነሻ በጃንዋሪ 2006 ኤቲ ኤንድ ቲ ተከሰሰ። መዝገቡ ሄፕቲንግ ይባላል። መንግሥት ገብቶ «የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ይዘጋ» አለ። ዳኛ ቮን ዎከር በጁላይ 2006 አልዘጋም አሉ። የፖለቲካው ጦርነት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። በሌሎች ድርጅቶች ላይም በደርዘን የሚቆጠሩ ክሶች ተከተሉ።

ድርጅቶቹ የፈሩት ገንዘቡን ነው። ፊሳ ያለ ሕግ ለተጠለፈ ሰው ቢያንስ 1,000 ዶላር ወይም በቀን 100 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ይላል። ይህን በሚሊዮን ደንበኞች ያባዙት። የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ማይክ ማኮኔል በኦገስት 2007 ለኤል ፓሶ ታይምስ በሰጡት ቃለ ምልልስ ድርጅቶቹ እንደረዱ አምነው፣ ክሶቹ ሊያከስሯቸው ይችላሉ ብለው ነበር። ልብ ይበሉ፦ የመንግሥት ጠበቆች በችሎት «ይህ ሊነገር የማይችል ምስጢር ነው» እያሉ ሲሟገቱ፣ አለቅየው ለጋዜጣ ተናገሩት።

የከለላው ደጋፊዎች ክርክር ባጭሩ ይህ ነው። ድርጅቶቹ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001ዱ ጥቃት በኋላ አገር ስትጠራቸው እሺ አሉ። ሕጋዊ ነው የሚል ደብዳቤ ከመንግሥት ደርሷቸዋል። ምስጢር ስለሆነ ደግሞ በችሎት ራሳቸውን መከላከል አይችሉም። የመጨረሻው ነጥብ ክብደት አለው። እጁን ታስሮ ቀለበት ውስጥ የገባ ቡጢኛ ነው።

ግን አብዛኛው ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከለላው ከ2008 በፊትም ነበረ። የቆየው የጠለፋ ሕግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለህ፣ ወይም ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ «ትእዛዝ አያስፈልግም፣ የሕጉ መስፈርት ሁሉ ተሟልቷል» ብሎ በጽሑፍ ካረጋገጠልህ አትከሰስም ይላል። እንግዲያው ወረቀቱ በትክክል ቢኖራቸው አዲስ ሕግ ለምን ይለምናሉ?

መልሱ በከፊል የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ በ2007 ባወጣው ሪፖርት ውስጥ አለ። ደብዳቤዎቹ በየጊዜው ይታደሱ ነበር። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሕጋዊ ነው ብሏል ይላሉ። አንዷ ግን፣ ከስልሳ ቀን ያነሰ ጊዜ የምትሸፍነው፣ ሕጋዊ ነው ያለው የዋይት ሀውስ የሕግ አማካሪ ነው ትላለች። በማርች 2004 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ አልፈርምም ብሎ ነበርና። የሕግ አማካሪው አልቤርቶ ጎንዛሌስና የጽሕፈት ቤት ኃላፊው አንድሩ ካርድ በምሽት ሆስፒታል ድረስ ሄደው ታሞ የተኛውን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆን አሽክሮፍትን ለማስፈረም ሞከሩ። አሽክሮፍት ከትራሱ ቀና ብሎ እንቢ አለ። ምክትሉ ጄምስ ኮሚ አጠገቡ ነበር። ያቺ ደብዳቤ የደረሰው የድርጅት ጠበቃ ሕጋዊ ነው ያለው ሰው እንደተለወጠ አላየሁም ሊል አይችልም። ስለዚህ «በቅን ልቦና» የሚለው መከራከሪያ ሁሉንም ጊዜ እኩል አይሸፍንም። ይህን በማስረጃ መመርመር ያለበት ዳኛ ነበር።

ኮንግረስ ውስጥ ትግሉ ወራት ፈጀ። በዲሴምበር 2007 የኮነቲከቱ ሴናተር ክሪስ ዶድ የምርጫ ቅስቀሳውን ትቶ መጥቶ ሴኔት ውስጥ ሲናገር ዋለ። ረቂቁ ለጊዜው ተነሣ። በፌብሩዋሪ 2008 ከለላውን ከሕጉ ለማውጣት ያቀረበው ማሻሻያ 31 ለ67 ወደቀ። በማርች የተወካዮች ምክር ቤት ከለላ የሌለበትን ረቂቅ 213 ለ197 አሳለፈ። ከዚያ ሰኔ ላይ ስምምነት ተደረገና ያው ምክር ቤት በ293 ለ129 ከለላውን ተቀበለ። ሴኔት ጁላይ 9 ቀን 69 ለ28 አጸደቀ። መሐል ላይ የተሻለ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፦ ድርጅቶቹ ይውጡ፣ በቦታቸው መንግሥት ተከሳሽ ሆኖ ይግባ። ሴናተር አርለን ስፔክተር ነው ያመጣው። እኔ ያኔም አሁንም ትክክለኛው መንገድ እሱ ነበር ባይ ነኝ። ድርጅቱ አይከስርም፣ ጥያቄውም አይሞትም። ያልተፈለገው ግን ጥያቄው ራሱ ነበር።

ወደ ሕጉ ልብ እንግባ። ክፍል 802 ይባላል። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለፍርድ ቤቱ ማረጋገጫ ይጽፋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ድርጅቱ የረዳው በፕሬዚዳንቱ ፈቃድና ሕጋዊ ነው በሚል ደብዳቤ ነው የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ድርጅቱ ጭራሽ አልረዳም የሚል ነው። ዳኛው በቂ ማስረጃ አለ ካለ መዝገቡ ይዘጋል። አሁን አስቂኙ ነገር፦ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ምስጢር ነው ካለ ውሳኔው በየትኛው ምክንያት እንደተዘጋ እንዲገልጽ አይፈቀድም። ተሸንፈህ ትወጣለህ፤ ያሸነፈህ ስለረዳ ይሁን ስላልረዳ አይነገርህም። የክፍለ ሀገራቱ ተቆጣጣሪዎች ድርጅቶቹን እንዳይመረምሩም በዚያው ሕግ ተከለከሉ።

ዳኛ ዎከር በጁን 2009 ክሶቹን ዘጉ። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2011 መጨረሻ አጸና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2012 አላይም አለ። መንግሥትን በቀጥታ የከሰሰው ጁወል የሚባለው መዝገብም ለአሥራ አራት ዓመት ተንከባልሎ በ2022 እዚያው በር ላይ ቀረ።

«ሁላችንንም ያዳምጡናል» ወደሚለው ልመለስ። እዚህ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ የጥሪ መዝገብ ነው፦ ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣው ሰነድ ቬራይዘን የሚባለው የስልክ ድርጅት የደንበኞቹን መዝገብ በጅምላ እንዲያስረክብ በልዩው ፍርድ ቤት መታዘዙ ታወቀ። የሚናገሩት ነገር እዚያ ውስጥ የለም። ይህ ጅምላ ስብስብ በ2015 በወጣ ሕግ ቆመ። ሁለተኛው ይዘቱ ራሱ ነው፤ ወሬው፣ መልእክቱ። ይህ የሚሰበሰበው በዚያው የ2008 ሕግ ፊሳ ውስጥ በገባው ክፍል 702 ነው።

702 እርስዎን የሚነካበት መንገድ ቀጥታ አይደለም፤ በእናትዎ በኩል ነው። ሕጉ ዒላማ ማድረግ የሚፈቅደው ከአሜሪካ ውጭ ያለን የውጭ ዜጋ ነው፤ ለውጭ ስለላ መረጃ ሲባል። እያንዳንዱን ዒላማ ዳኛ አያይም፤ ፍርድ ቤቱ የሚያጸድቀው የዓመቱን አጠቃላይ አሠራር ነው። የእርስዎ እናት እንበል የታመሙ፣ ስለ ጤፍ ዋጋና ስለ ጎረቤት ሠርግ የሚያወሩ እናት ናቸው። እሳቸውን ዒላማ የሚያደርግ ምክንያት አይታየኝም። ግን አዲስ አበባ ያለ ጋዜጠኛ፣ ፖለቲከኛ ወይም ወታደር ዘመድ ካለዎት ሒሳቡ ይለወጣል። የእሱ ቁጥር ከተመረጠ የእርስዎም ድምፅ አብሮ ይቀመጣል። ኤፍቢአይ ደግሞ ያንን ክምችት በእርስዎ ስም ሊፈልግበት ይችላል። ለዚህ ፍለጋ የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልግ የሚል ማሻሻያ በኤፕሪል 2024 ለተወካዮች ምክር ቤት ቀርቦ 212 ለ212 ወጣ። እኩል ከወጣ ወደቀ ማለት ነው። አንድ ድምፅ! ሕጉ ለሁለት ዓመት ታደሰ፤ መርዳት የሚገደዱ ድርጅቶች ትርጉምም ሰፋ።

ከለላው የማይሸፍነውንም ይወቁ። የስልክ ድርጅት የት እንዳሉ የሚያሳየውን መረጃ ለነጋዴ ከሸጠ 802 አያድነውም። በ2024 የአሜሪካው የመገናኛ ኮሚሽን በዚህ ምክንያት ትልልቆቹን ድርጅቶች ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቀጣቸው፤ እነሱም በፍርድ ቤት ተከራከሩ። በግል ለመክሰስ ካሰቡ ግን አስቀድመው ውልዎን ያንብቡ። አብዛኛው የስልክ ውል ክርክሩ በግልግል ዳኝነት እንዲታይ ያስገድዳል።

ከለላ ሲባል የአሜሪካ ድርጅት ብቻ አይምሰልዎ። እርስዎ በሚኖሩበት ሜሪላንድ ኪዳኔ በሚል የመከለያ ስም የሚጠራ ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ነበር። በኢሜይል የመጣ የዎርድ ሰነድ ኮምፒውተሩን ፊንስፓይ በሚባል የስለላ ሶፍትዌር በከለው፤ የስካይፕ ንግግሮቹ ተቀዱ። በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። በማርች 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድርጊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት አይከሰስም ብሎ ዘጋው። ዳያስፖራው የሁለት መንግሥት ከለላ መሐል ነው ያለው።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? ክሱን ይተዉት። እናትዎን የሚደውሉበትን መንገድ ይቀይሩ። ተራ ጥሪ በየመሐሉ ላለ ሁሉ ክፍት ነው። ሲግናል ወይም ዋትስአፕ ላይ ይዘቱ ከስልክዎ እስከ እናትዎ ስልክ ተቆልፎ ይሄዳል። ቴሌግራም ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀመው ተራው የጽሑፍ ውይይት እንደዚያ አልተቆለፈም። ዋትስአፕ ላይም የመጠባበቂያ ቅጂውን ቁልፍ ካላበሩት ቅጂው ሌላ ቦታ ክፍቱን ይቀመጣል። መቆለፉ ለማን እንደደወሉና መቼ እንደደወሉ አይደብቅም። ስልኩ ራሱ ከተበከለም አያድንም፤ ኪዳኔን ያስታውሱ፤ ከማያውቁት ሰው የመጣ ፋይል አይክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ጉልበትዎን ሕጉ በሚታደስበት ጊዜ ላይ ያውሉት። 702 የማብቂያ ቀን ተቆርጦለት ነው የሚታደሰው። ለተወካይዎ ቢሮ ሲደውሉ «ጠለፋ ይቁም» አይበሉ፤ ጸሐፊዋ ጽፋ ታልፈዋለች። «በአሜሪካውያን ስም ለሚደረግ ፍለጋ የዳኛ ትእዛዝ የሚለውን ማሻሻያ ይደግፉ» ይበሉ። በአንድ ድምፅ የወደቀ ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ አያድርገውና በወንጀል ወይም በኢሚግሬሽን ጉዳይ ከቀረቡ፣ መንግሥት በዚህ መንገድ የተገኘ ማስረጃ ሊጠቀም ከሆነ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ያኔ በሩ ይከፈታል፤ ተጠልፌያለሁ ብሎ ለማስረዳት መቸገር አይኖርም። ግን ሳይጠየቅ ይነግረኛል ብለው አይመኑ፤ እስከ 2013 መገባደጃ ድረስ በ702 አንድም ተከሳሽ አልተነገረውም ነበር። ጠበቃዎ በጽሑፍ ይጠይቅልዎ።

1,500 ዶላር የጠየቀዎት ሰው እንደገና ከደወለ ሁለት ነገር ይጠይቁት። በየትኛው ክፍለ ሀገር የጥብቅና ፈቃድ እንዳለው፤ ክፍል 802ንም በምን እንደሚያልፈው በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲልክልዎ። ገጹ ከመጣ ለእኔም ይላኩልኝ።